የሐያት ሰርግ የገባበት ዲስክ

የሚሠራ ነገር አትንካ ይባላል። ምክሩ ጥሩ ነው። ችግሩ እኔ የማይሠራውን ነገር መንካት እፈራለሁ፤ እጄን የሚበላኝ የሚሠራው ላይ ነው። ባለፈው ክረምት የሱቄ ቁልፍ ደህና ይቆልፍ ነበር። ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ላለስልሰው ብዬ ፈታታሁት። አሁን በጣም ለስላሳ ሆኗል። በጥፍርም ይከፈታል።

ይህን የምነግራችሁ ጠባዬን ቀድማችሁ እንድታውቁት ነው። ኋላ ላይ "ይሄን ሰውዬ ምን ነካው?" እንዳትሉ። እኔን ምንም አልነካኝም። እኔ ነኝ የነካሁት።

ደሴ ፒያሳ ላይ ፎቶ ቤት አለኝ። ስሜን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም "ፎቶ" ነው የሚለኝ። ፎቶ እንዴት አደርክ፣ ፎቶ ለቅዳሜ እንዳትቀር። ደሴ ይሁን ኮምቦልቻ፣ ደጋን ይሁን ቢስቲማ፣ ሰርግ ካለ ካሜራዬን ተሸክሜ አለሁ። የስንቱን ሰው ኒካህ፣ የስንቱን ሰው ተክሊል ቀርጬያለሁ! አንዳንዱን ሰው ሲያገባም፣ ልጁን ሲድርም የቀረጽኩት እኔው ነኝ።

ቪዲዮ ደግሞ ቦታ ይበላል። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት በገዛ እጄ ሰርቨር ገጣጠምኩ። ሣጥኑን ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት፣ ማዘርቦርዱን፣ ማለትም ሁሉም ነገር የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ከአዲስ አበባ፣ አራቱን ዲስክ ከየሰዉ አሮጌ ኮምፒውተር አሰባሰብኩ። ውስጡ ሊኑክስ ጫንኩበት። ሊኑክስ ምንድን ነው ለምትሉ፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ነው። ልዩነቱ በነፃ መገኘቱና ሲበላሽ የሚሰደብ ሰው ማጣታችሁ ነው። ሥራው ማስቀመጥ ስለሆነ "ጎተራ" ብዬ ሰየምኩት። የደቡብ ወሎ ሰርግ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ሌላ ቅጂ? የለም።

ጎተራው ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላስነጠሰም። እስቲ አስቡት፣ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው ይሄ እንዴት ይቻላል?

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ማስቲካ የምታክል አዲስ ፈጣን ዲስክ እጄ ገባች። ማዘርቦርዱ ላይ ለእሷ ዓይነቷ የተሠራ ጠባብ ቦታ አለ፤ እዚያ ሰካኋት። አዲሱን የሊኑክስ እትም እሷው ላይ ጫንኩ። ድሮ ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ሻይ ይጠጣ ነበር፤ አሁን ቁልፉን ስነካው ብድግ አለ። ደስ ብሎኝ ሦስት ጊዜ እያጠፋሁ አበራሁት። ሰርጎቹ ቦታቸው ላይ መሆናቸውን አየሁ ወይ? አላየሁም። የጎተራውን ክዳን ያሳመረ ሰው እህሉን ማየት ይረሳል።

በማግስቱ ረቡዕ ሐያትና አክስቷ መጡ።

ሐያት የቢስቲማ ልጅ ናት። እናትና አባቷ በልጅነቷ ሞተውባት ያሳደጓት አክስቷ እትዬ ዘሀራ ናቸው። ደሴ ነርስነት ስትማር ቆይታ፣ አንድ ዓመት ሲቀራት ለደጋኑ ለአህመድ ተዳረች። አህመድ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ረጋ ያለ፣ አባቱ ፊት ቀና ብሎ የማያወራ ልጅ ነው። አባትየው አቶ ሙሄ ግን ለልጃቸውም ጭምር ያወራሉ። ደጋን መንገድ ዳር ሱቅ አላቸው። ከሱቃቸው ሆነው ሲጣሩ ያለፈ መኪና ይቆማል።

ሰርጉን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት አቶ ሙሄ ከተቀመጡበት ተነስተው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ "ይቺ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ የኔ ልጅ ናት። የቀራትን አንድ ዓመት ትማራለች። የማስተምራት እኔ ነኝ፣ ወላሂ!" አሉ። በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። ካሜራው በእጄ ነበር።

ሰርግ አለፈ፤ መመዝገቢያው ደረሰ። ሐያት ደብተሯን ስታነሳ አቶ ሙሄ "ወዴት ነው?" አሉ። ትምህርት፣ አለች። የምን ትምህርት? ሱቁን ማን ሊይዝ? ትማራለች ያለውስ ማን ነው? እርስዎ ነዎት ቢሏቸው፣ ኧረ ከአፌ አልወጣም ብለው ካዱ። የሰማ ሰው ሞልቷል። ግን የእሷ ዘመድ የሆነው ሁሉ "ሰምቻለሁ" ሲል የእሳቸው ዘመድ የሆነው ሁሉ በዚያች ሰዓት ውጪ ነበርኩ ይላል። ያን ሁሉ ሰው ውጪ ማን እንዳስወጣው አላውቅም፤ እኔ ስቀርጽ ቤቱ ሙሉ ነበር። ሐያት ተቀይማ ቢስቲማ አክስቷ ቤት ገባች። ቅዳሜ ሽማግሌ ሊቀመጥ ተቀጠረ። ምዝገባው ሰኞ ይዘጋል።

ለቤተሰቡ የሰጠሁት ቪዲዮ ተቆራርጦ ያማረው ነው። ንግግር ማን ያያል ብዬ ቆርጬዋለሁ። ሙሉው የሚቀረው እኔ ጋ፣ ጎተራው ውስጥ ነው።

"ጋሼ፣ ሙሉው አለ አይደል?" አለችኝ ሐያት።

"አለ!" አልኳት፤ ሳላይ። "አንድ ቃል አልጎደለም!"

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እትዬ ዘሀራ ወዲያው ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ። የአቶ ሙሄን ድምፅ እኛም እንድንሰማ አድርገው ደወሉ።

"ሙሄ! ፎቶ ቤት ነኝ። የተናገርከው በሙሉ አለ። ቅዳሜ ደጋን ገበያ መሃል፣ በትልቅ ስክሪን ነው የምናሳየው!"

ትልቅ ስክሪን የለኝም። ትንሽም የለኝም። ይህን ላስረዳ አፌን ስከፍት ስልኩ አፌ ላይ ደረሰ።

"እውነት ነው አንተ ልጅ?" አሉ አቶ ሙሄ።

"እንዴት ዋሉ አቶ ሙሄ? አዎ፣ አለ። ሁሉም አለ።"

 "እናያለና!" ብለው ዘጉት።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ጎተራውን የከፈትኩት። አንደኛው ዲስክ አለ። ሁለተኛው አለ። ሦስተኛውና አራተኛው የሉም። የሐያት ሰርግ አራተኛው ላይ ነው።

"ምነው ፊትህ ገረጣ?" አሉ እትዬ ዘሀራ።

"ቁርስ አልበላሁም።"

ጥራቱን አስተካክዬ አርብ ከሰዓት አደርሳለሁ አልኳቸው። "አብሽር፣ አርብም ይደርሳል" ብለውኝ ሄዱ። የወሎ ሰው አብሽር ሲላችሁ ግማሹ ችግር ወዲያው ይቀላል። የኔው ችግር ግን ሌላኛው ግማሽ ነበር።

አሁን ፍለጋ ጀመርኩ። ሊኑክስ ላይ "ያሉትን ዲስኮች ዘርዝር" የሚባል ትእዛዝ አለ። አዲሷን ጨምሮ አምስት መቁጠር ነበረበት፤ ሦስት ቆጠረ። ድጋሚ ጠየቅሁት። ሦስት። ሰው ቢሆን ሦስተኛ ስትጠይቁት ይቆጣል፤ እሱ በጨዋነት ሦስት ይላል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ስማቸውን ነው። ሊኑክስ ዲስኮችን በፊደል ይጠራል፤ አንዳንዴ አዲስ እትም ሲመጣ ፊደሉ ይዘዋወራል። ትናንት "ለ" የነበረው ዛሬ "ሐ" ይሆናል። እኔ ደግሞ በፊደላቸው ነበር የመዘገብኳቸው። በፊደል ፋንታ በማይለወጠው ረጅም መለያ ቁጥራቸው መዘገብኩ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ድሮም እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ። የጠፉት ግን አሁንም ጠፍተዋል። የሌለ ሰው ስሙ ቢታረም አይመጣም።

ቀጥዬ ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ በአዲሱ እትም ላይ ጣልኩት። አሮጌው ሊኑክስ አንደኛው ዲስክ ላይ አልተነካም ነበርና በእሱ አስነሳሁ። እሱም ሦስት አለ። ከዚያ ሊኑክስ ከመነሳቱ በፊት የሚታየውን የማዘርቦርዱን ገጽ ከፈትኩ። እዚያም ሦስት።  ማዘርቦርዱ ራሱ ካላያቸው ሊኑክስን ምን ብዬ እከሰዋለሁ?

ሐሙስ ጠዋት ሣጥኑን ፈታሁ። ገመዶቹን በሙሉ በአዲስ ቀየርኩ። እንዳይምታታብኝ ብዬ እያንዳንዱን ከነቀልኩበት ቀዳዳ መልሼ ሰካሁት። ይቺን ጥንቃቄዬን ልብ በሉልኝ፤ በጣም ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ጆሮዬን ዲስኮቹ ላይ ለጠፍኩ። ሁለቱም ይሽከረከራሉ፤ ትንፋሽ አላቸው። በሕይወት አሉ፣ ግን አይታዩም።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው ገብቶ ሩዝ ውስጥ ቅበራቸው አለኝ። ውኃ አልነካቸውም ብለው፣ ቢሆንም ሩዝ አይጎዳም አለ። ኢንተርኔት ላይ ብጠይቅ አንዱ ማዘርቦርዱን ቀይር፣ ሌላው ዲስኮቹን ጣል፣ ሦስተኛው ደግሞ "መመሪያውን አንብብ" ብሎ መለሰ። የሦስተኛው ንቀት አናደደኝ። ራሴ የገጣጠምኩትን መመሪያ አንብብ ይለኛል!

ከሰዓት በኋላ ሐያት ደወለች። "ጋሼ፣ አዩት እንዴ? ድምፁ ጥሩ ነው?"

"እ... እየሠራሁበት ነው።"

"እኔማ የልምምድ ጋዋኔን አጥቤ ተኩሼ አስቀመጥኩት" አለችና ሳቀች። 

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ሐያት፣ ሰርግሽ ጠፍቷል፣ ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። የተተኮሰ ጋዋን ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ይጣላል?

አርብ በማለዳ ጎተራውን በጋቢ ጠቅልዬ ኮምቦልቻ ሰይድ ጋ ወረድኩ። ሰይድ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ይሠራል። ስለ ሊኑክስ የሚያውቀው የለም። ግን የተሰበረ ነገር ሲያይ እንደ ሐኪም ረጋ ይላል፤ እኔ የፈለግሁት እርጋታውን ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ ጎተራውን ታቅፌ ተቀመጥኩ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወርድ በየመታጠፊያው ደረቴ ላይ አጥብቄ እይዘዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ብዙ ቢታገሱም አልቻሉም።

"ምንድን ነው ልጄ እንዲህ የታቀፍከው?"

"ኮምፒውተር ነው እማማ። ታሟል።"

"ውይ፣ አላህ ይማረው! ምን አገኘው?"

"ሁለት ዕቃ ጠፋበት።"

"ከውጪ ነው ከውስጥ?"

"ከውስጡ።"

"የቤት ሌባ ነዋ!" አሉ፤ ፈጽሞ ሳይጠራጠሩ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ነገሩ ለእሳቸው ተፈትቷል።

ሰይድ ከሌሊት ፈረቃ ገና መውጣቱ ነበር። ፊቱን ታጥቦ፣ ጎተራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ የሦስት ቀን ታሪኬን ዝም ብሎ ሰማኝ። ፊደሉን፣ መለያ ቁጥሩን፣ ገመዱን። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

"ማን ነካው?"

"እንዴት ማን ነካው?"

"እኛ ጋ ማሽን ሲቆም መጀመሪያ የምንጠይቀው እሱን ነው። ማሽን ዝም ብሎ አይቆምም።"

ከዚያ አንድ ታሪክ ነገረኝ። ፋብሪካቸው አዲስ የሽመና ማሽን ገብቶ፣ አለቆች መጥተው አጨብጭበው ሄዱ። በማግስቱ ሁለት አሮጌ ማሽኖች ጸጥ አሉ። እነ ሰይድ ሦስት ቀን አሮጌዎቹን ሲፈቱና ሲገጥሙ ሰነበቱ። ጤነኞች ናቸው! በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ ሠራተኛ፣ "ይሄ አዲሱ ሙሽራ ከማን መስመር ነው መብራት የሚበላው?" ብሎ ጠየቀ። ቢያዩ፣ ከሁለቱ አሮጌዎች መስመር ነው የቀጠሉት።

"አንተስ ምን አስገባህ?" አለኝ ሰይድ።

"ምንም። አዲስ ሊኑክስ ብቻ።"

"ሌላ?"

"ሌላማ ምንም... ያቺን ማስቲካ ብቻ።"

 ይሄኔ የገዛ አፌን ሰማሁት። ለሦስት ቀን ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ አዲስ ሊኑክስ ጫንኩ እላለሁ እንጂ ዲስኳን አንድም ጊዜ አላነሳኋትም። እሷ ደህና ትሠራለቻ! የሚሠራን ነገር ማን ይጠረጥራል?

ሰይድ የማዘርቦርዱን ቁጥር አንብቦ መመሪያውን በስልኩ አወጣ። እንግሊዝኛው ጥሩ አይደለም፤ ግን የፋብሪካ ሰው በመሆኑ ትልልቁን ጽሑፍ ትቶ ታች ያለውን ደቃቃ ማስታወሻ ነው የሚፈልገው። አገኘው። በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ዲስክ ከተሰካ፣ አምስተኛውና ስድስተኛው የዲስክ ቀዳዳ አይሠሩም ይላል። መስመራቸው አንድ ነው። እኔ ደግሞ ሦስተኛውንና አራተኛውን ዲስክ የሰካሁት ለእጅ ይመቻል ብዬ አምስትና ስድስት ላይ ነው። ገመድ በቀየርኩ ቁጥርም በታላቅ ጥንቃቄ እዚያው ወደ ሞተው ቀዳዳ እመልሳቸው ነበር። አንድና ሁለት ቁጥር ሦስት ዓመት ሙሉ ባዷቸውን ተቀምጠዋል።

የሚኒባሷ እናት ትክክል ነበሩ። የቤት ሌባ ነው።

ሁለቱን ገመዶች ነቅሎ አንድና ሁለት ላይ ሰካቸው። አበራነው። ዘርዝር አልኩት። አምስት! ሰይድን አንስቼ ሳምኩት። ሲሚንቶው ላይ ሁለታችንም ልንወድቅ ምንም አልቀረንም።

በዚያው ስሜት የሐያትን ሰርግ ከፈትኩ። አቶ ሙሄ ጋ እስክንደርስ አሳለፍኩት። ተነሱ። እጃቸውን ዘረጉ። "ይቺ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ የኔ ልጅ ናት..." ጥርት ያለ ድምፅ! ሰይድ "ማሻአላህ" አለ። ቀጠሉ። "የቀራትን—"

እልልልልልልል!

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አይሰማም። የአቶ ሙሄ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው እልልታ ነው። እልል የሚሉት ማን መሰሏችሁ? እትዬ ዘሀራ! ማይክሮፎኑ ሥር ቆመው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። "የቀራትን" የምትለዋን ቃል እንደሰሙ ደስታቸውን መያዝ አልቻሉም። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ፣ ሦስት። አቶ ሙሄ ሲቀመጡ እሳቸውም ጨረሱ።

እንደገና አጫወትነው። ድምፁን ቀነስነው፣ ጨመርነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል የአገሬ ሰው። ሁለት ዲስክ ሙሉ አስነስቼ የጠፋውስ የተናገሩት ነው። የቀራትን ምን? የቀራትን ሳህን ታጥባለች ብያለሁ ቢሉስ? ነገ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ምስክሩ እልልታ ነው።

ስልኬ ጮኸ። እትዬ ዘሀራ ናቸው። አነሳሁት።

"ልጄ፣ ተወው! አትልፋ!"

"ምን ሆኑ?"

"ሙሄ ዛሬ በጠዋት ልጁን ይዞ ቢስቲማ ድረስ መጣ። ከረቡዕ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም አሉ። ምን አለኝ መሰለህ? 'ዘሀራ፣ የደጋን ሰው ፊት በስክሪን ውሸታም ከምታደርጊኝ፣ ብዬ ከሆነማ ብያለሁ! ትማር!' ሰኞ ራሱ ነው የሚያስመዘግባት። አልሐምዱሊላህ! አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር? ያ ቪዲዮህ አዳነን።"

እትዬ ዘሀራ ከስልኩ ወዲያ እልልታቸውን አቀለጡት። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁ። ሰይድ መሬት ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ሰኞ አቶ ሙሄ ሐያትን ራሳቸው ደሴ አምጥተው አስመዘገቡ። እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ፤ አቶ ሙሄ ግን የሚጨርሱ ሰው አይደሉም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቀን ሱቄ ከች አሉ። ለካ ደጋን ውስጥ ምራቱን የሚያስተምር አባት ተብለው ስማቸው ገንኗል። ሰው ለልጁ ሲመክር "እንደ አቶ ሙሄ" ይላል አሉኝ፤ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

"ፎቶ፣ ያን የተናገርኩበትን ቦታ ቆርጠህ ስልኬ ላይ ጫንልኝ። ለሰው ላሳየው ነው።"

ጎተራው ከኋላዬ አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። አምስቱም ዲስኮች አሉ። ያን ረቡዕ ዕለት ሳይኖር አለ ብያቸው ነበር። አሁን እያለ፣

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አቶ ሙሄ፤ ዲስኩ ጠፋ" አልኳቸው።

ደነገጡ። አዘኑ። ያን የመሰለ ንግግር! ጥቂት ካሰቡ በኋላ ግን ኮታቸውን አስተካክለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

"ግዴለም፣ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ካሜራህን አብራው።"

አበራሁት። እንደ ሰርጉ ዕለት ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ። ቃል በቃል አሉት። ሱቁ ውስጥ እልል የሚል ስላልነበረ አንድም ፊደል አልጎደለም። ሲጨርሱ ግን ካሜራው አሁንም እንደበራ አዩና ልባቸው ሞቀ። "ነርስነት ብቻ አይደለም! ዶክተር እስክትሆን አስተምራታለሁ! አሥር ዓመትም ቢፈጅ፣ ወላሂ!" ብለው ጨመሩበት።

የዚያኑ ሳምንት ሐያት ለመታወቂያ ፎቶ መጣች። አማትሽ እንዲህ ብለዋል ብዬ በኩራት አሳየኋት። እንኳን ድምፁ፣ የኮታቸው ቁልፍ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። እሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አየችው። ዲስኩ ጠፋ ማለቴን ከአማቷ ሰምታ ኖሯል፤ ቀና ብላ ወደ ጎተራው፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ተመለከተችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

"ጋሼ፣ ይሄኛው ዲስክ አይጠፋም?"